ያልሰማ ምስክር

ደቅ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰገነት፤

እንደምን ከርመሻል ልጄ? እኔና እናትሽ፣ ጎረቤቱም ከብቱም፣ እግሯን ከሰበረችው ጊደር በቀር ሁላችንም ደኅና ነን፤ ያቆየን ይመስገን። ለመስቀል ለምን እንደ ቀረሁ ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነው። ለፋሲካ የቀረሁትም በዚሁ በጉልበቴ ነው። ለገና የቀረሁበትን ግን አሁን ረስቼዋለሁ።

የላክሽልኝ ራዲዮ ብልሹ ሆኖ ስለ ተገኘ ተመልሶልሻል። የባትሪውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ለወጥሁለት፤ ትንፍሽ አይልም። እናትሽ ይሠራል ትላለች። የእናትሽን ነገር ታውቂዋለሽ፤ በስጦታ የመጣ ዕቃ ተበላሸ ማለት ነውር ይመስላታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንግሊዞች መስማትን «ሂር» እንደሚሉት፣ ጆሮንም «ኢር» እንደሚሉት፣ ሲጻፍም ጆሮው በመስማቱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚገኝ፣ የክፍል ኃላፊሽ ጓድ አምሐም ከዚህ ተነሥቶ «ሂር ከኢር ተወለደ» እያለ እንደሚያስተምር ጽፈሽልኛል። በእኛ በኩል እንዴት ነው ላልሽው መልሱ ይህ ነው። በግእዝ ሰምዐ ማለት ሰማ ነው። ታዘዘ፣ ልመናን ተቀበለ ማለትም ይሆናል። ከእርሱም ስምዕ ይወጣል፤ ምስክርነት ማለት ነው። ሰማዕታትን ሰማዕታት ያልናቸው አንገታቸውን ስለ ሰጡ አይደለም፤ ምስክሮች ስለ ሆኑ ነው፤ አንገቱ በኋላ የመጣ ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የሰማ ይመሰክራል፤ ያልሰማ አይመሰክርም። ጆሮ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ጆሮማ ጋንም አለው።

ይህን የሚያደርስልሽ ደቀ መዝሙሬ አስማማው ነው። አንቺ ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ የመጣው፣ ያ ድምፀ ሻካራው። ዘንድሮ እግዚአብሔር ገለጠለት! ጾመ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ከፊቴ ቆሞ ሲያሰማኝ እንከን ብፈልግ አጣሁበት። ድምፁም ለስልሷል። ድሮ ሲያዜም ውሾች ይነሡ ነበር፤ አሁን ምድጃ ዳር የተኛች ድመት አትነቃም። «ሰምቼ መስክሬአለሁ» ብዬ ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ። ሌላው ደቀ መዝሙሬ አዘዘም ተመሳሳዩን ወረቀት ተቀብሏል፤ እርሱ ግን እስከ ገና ከእኔ ጋር ይቆያል። አስማማው ከከተማችሁ ደብር መቀጠር ስለሚሻ አለቃ ገብረ ኪዳን ዘንድ አድርሺልኝ።

አባትሽ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ? እማማስ? ጊደሪቱስ? እኔ ከስብሰባ ብዛት በቀር ደኅና ነኝ።

ራዲዮው ደርሶኛል። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ኖሮ፣ ስከፍተው እንዲያ ጮኸና የሦስት ቤት ሰው የቀበሌ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ወጣ።

የጻፉልኝን የግእዙን ነገር ለጓድ አምሐ አነበብኩለት። አላመነም። ቤተ መጻሕፍት ሄድንና ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥን። ሂር የመጣው የእንግሊዞችና የጀርመኖች አባቶች ገና አንድ ቋንቋ ሲናገሩ ከነበራቸው ቃል ነው ይላል። ጥንት በእንግሊዞቹ ዘንድ መስማት ብቻ ሳይሆን መታዘዝም ነበር፤ ልክ እንደ ሰምዐ! ጆሮ ግን የራሱ ሌላ ሥር አለው። አንዳንድ ሊቃውንት የመስማቱ ቃል ከጥንት ከጥንቱ «ስል ጆሮ» ከሚል ጥምር የመጣ ይሆናል ብለው ይገምታሉ፤ ማስረጃው ግን አልተገኘም ይላል መጽሐፉ። ጓድ አምሐ ይህችን «ይገምታሉ» ይዞ፣ አሸነፍኩ ብሎ ሄደ።

አስማማው እሑድ ዕለት አለቃ ገብረ ኪዳንና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። የሆነውን በደብዳቤ አልጽፈውም። እርሱ ደኅና ነው፤ ወረቀቱ ግን አለቃ ዘንድ ቀርቷል። አይቆጡኝና አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ አባባ። አስማማውን በጆሮዎ ሰምተውታል?

ልጅዎ ሰገነት


ደቅ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰገነት፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ተቆጣሁ፤ በሁለተኛው ይበልጥ ተቆጣሁ።

በጆሮዎ ሰምተውታል ትይኛለሽ። በምን ልሰማው ኖሯል? በክርኔ ነው? ሠላሳ ሁለት ዓመት በመሪነት የቆምሁ ሰው ነኝ። በምስክርነቴ የተቀጠሩ ካህናት ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ሞልተዋል፤ አንዱም ወረቀቱ አልተመለሰበትም። አለቃ ገብረ ኪዳን ዜማ አያውቁም አልልም። ነገር ግን ፋብሪካ አጠገብ የሚያድር ሰው ጆሮው አይታመንም። ይታዩት። ሐኪም ቤቱ ያለው በእናንተው ከተማ ነው።

ራዲዮው ተናገረ ስላልሽው፣ ሐይቁን ሲሻገር ነፋስ ገብቶት ተሽሎት ይሆናል።

«ስል ጆሮ» ያሉት ሊቃውንት የሚናቁ አይደሉም፤ እኛም ጆሮውን ቀሰረ እንላለን፤ በሬውም ይቀስራል። ከሁሉ ግን መጽሐፉ «ማስረጃ አልተገኘም» ማለቱን ወደድሁለት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል መጽሐፍም ሰውም በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

አባትሽ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ

*(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በደብተር ቅዳጅ ላይ)*

ልጄ ሰገነት። ይህን የምጽፍ እኔ እናትሽ የብርጓል ነኝ። የገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ክረምት ላይ ጨርሻለሁ። አባትሽ ማሸጊያ ሙጫ ፍለጋ ሲወጣ ነው ወረቀቱን የምከተው።

አባትሽ አይሰማም። ከካቻምና ፋሲካ ጀምሮ ነው። ማኅሌት ላይ የከበሮ መቺውን እጅ እያየ ነው የሚገባ። ለእራት ስጠራው ጎረቤት ይመጣል፤ እርሱ አይመጣም። ሹክ የምለው ሁሉ እስከ ወደቡ ስለሚሰማ የቤታችንን ምሥጢር ደሴቱ አውቆታል። ተማሪዎቹም ያውቃሉ፤ እንዳያፍርባቸው ዝም ይላሉ። እኔ ነገርሁሽ እንዳትይ። ነጠላም ላኪልኝ፤ ያለኝ አልቋል። አራት ነጥብ ማድረግም ተምሬአለሁ። ይኸው።


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ላስቀይምዎ ነው፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አለቃ ገብረ ኪዳን ጆሯቸውን ይታዩ ባይሉኝ ኖሮ ይህን አልጽፈውም ነበር።

የዚያን እሑድ እኔ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጬ ነበር። አለቃ «በል ከጾመ ድጓው ከምኵራብ አንሣልን» አሉት። አስማማው መቋሚያውን ተደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ይሄዳል፤ አንገቱ ከዜማው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ በትንሽ ጣታቸው ጆሯቸውን ጎረጎሩ። ሌላው ወደ እኔ ዞረው «ጀምሯል ወይ?» አሉኝ። በመጨረሻ አለቃ «ልጄ፣ ድምፅህሳ?» ሲሉት ዓይኑን ገልጦ ክው አለ። ልማድ ሆኖበት ነው። ድምፅ አውጣ ሲባልማ ያወጣው ነገር ጣሪያው ላይ ያሉትን ርግቦች አስነሣ፤ እሱም ሁለት መስመር ሳይሄድ ጠፋበት።

ወደ ቤት ስንሄድ እያለቀሰ እውነቱን ነገረኝ። «መሪጌታ እንደማይሰሙ ያወቅሁ ቀን ሰይጣን አሳተኝ። ዓመቱን ሙሉ አፌን ብቻ አንቀሳቀስሁላቸው። እሳቸው ግን እንባ እያቀረሩ ያዳምጡኝ ነበር» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት ወረቀቱ «ሰምቼ መስክሬአለሁ» እንደሚል ነው። አንዱ «ይህ ወረቀት በስንት በግ ተገዛ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ዘንድሮ የፈረሙት ሁሉ ይሻር የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ የአዘዘም ጭምር። አዘዘ አባባ! ዘጠኝ ዓመት የለፋ ልጅ በጉቦ አገኘው ሊባል ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን እሑድ ተሰብስበው ይቆርጣሉ፤ እርስዎም ቀርበው ቃልዎን እንዲሰጡ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ወይ ጉቦ በላ ይባላሉ፣ ወይ አልሰማም ይላሉ። ሦስተኛ መንገድ ብፈልግ አጣሁ።

«ያልሰማ አይመሰክርም» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ ሰገነት


ደቅ፣ ኅዳር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰገነት፤

የኅዳር 4 ደብዳቤሽ አልደረሰኝም። ጀልባው ይዞት ወደ ቁንዝላ አልፎ ይሆናል። ስላልደረሰኝ አላነበብሁትም፤ ስላላነበብሁት የምመልሰው የለኝም።

ይሁን እንጂ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ «እንባ እያቀረሩ» የሚለው ስሕተት ነው። ጭስ ነው።

ለእናትሽ የላክሽው ነጠላ ደርሷል፤ ወዳዋለች። ደብዳቤው ጠፍቶ ነጠላው እንዴት ደረሰ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። እሷ ሳትጠይቅሽ ነጠላ መላክሽን ግን እያሰብሁበት ነው።

አባትሽ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ላልደረሰዎት ደብዳቤ ስለ ላኩልኝ መልስ አመሰግናለሁ። ይኸኛውም ካልደረሰዎ እንዲሁ ይመልሱልኝ።

አስማማው እንጀራ አግኝቷል። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን መዘምራን ስለ ጎደሉት ወስዶታል። ከአርባ ሰው ጋር ተሰልፎ፣ ጡጫውን ጨብጦ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ እስካሁን የነቃበት የለም። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት «በስሜት የሚዘምር ጓድ» ተብሎ ተመሰገነ። ይህችን ለእማማ ጮክ ብለው አያንብቡላት።

ከአዘዘም ደብዳቤ ደርሶኛል። ነገሩን ሰምቷል። «መምህሬን አታስጨንቂያቸው። ወረቀቱ ይቅርብኝ፤ አገር ቤት ገብቼ አርሳለሁ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ከማይ ይሻለኛል» ይላል። ሌላ ነገር አልጻፈም። ይህን ለእርስዎ መንገሬን እንደማይወድ አውቃለሁ።

አባባ፣ እኔ ያዘንኩት በወረቀቱ አይደለም። ክረምት ስመጣ ሱባዔ ገብቻለሁ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ አላነጋገሩኝም፤ እኔም እግርዎን ስሜ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲያበዙልኝ ናፍቄአቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «አባቴ በየሳምንቱ ይጽፍልኛል» እያልኩ እኩራራ ነበር። ለካ ሌላ የሚያነጋግሩኝ መንገድ ጠፍቶብዎ ኖሯል። ዓመት ከመንፈቅ ብቻዎን እዚያ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጠው እኔ ልጅዎ ስለ ጉልበትዎ ስጠይቅ ከረምኩ። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ሐኪም አነጋግሬአለሁ፤ ይምጡና ልያቸው ብሎኛል።

ልጅዎ ሰገነት


ደቅ፣ ኅዳር 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ሰገነት፤

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል።

መጀመሪያ የሄደብኝ ጽናጽሉ ነው። ልጆቹ የሰነፉ መሰለኝና ተቆጣኋቸው። ቀጥለው ወፎቹ ሄዱ። ከዚያ እናትሽ ሄደች፤ እሷ እንኳ ብዙ ታግላ ነው። ከበሮው ብቻ በእግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር፤ በኋላ እርሱም ቀረ። ለማን ልናገረው? እርሻ አልለመድሁ፣ ንግድ አላውቅ፤ ያለኝ ዜማ ብቻ ነው። አልሰማም ያልሁ ዕለት ማን እሆናለሁ? ፈራሁ ልጄ። ሌላ ስም የለውም።

ስለ አስማማውም እውነቱን ስሚኝ። ተንኰሉን አላወቅሁም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዜማው በውስጤ ይነሣ ነበር፤ ድምፁ ግን የመምህሬ የየኔታ ገብረ መስቀል ድምፅ ነበር፤ ካረፉ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያን የመሰለ ዜማ በልጅነቴም አልሰማሁ። ያ ሰነፍ በከንፈሩ ሲያታልለኝ እኔ ሰማይ ቤት ነበርሁ። እንግዲህ ጭስ ያልሁሽ ጭስ አይደለም።

ትናንት የጽዮን በዓል ነበር። ማኅሌቱ ሲያበቃ ከበሮ መቺው ከበሮውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ቢል ሊመታ መስሎኝ እንደ ገና አነሣሁ። ሁሉም ተከተለኝ። ለቅዳሴ ተደውሎ ነበር አሉ። አንድ ሰው ኧረ አልቋል አላለኝም፤ መሪን ማረም በማኅሌት መካከል ነውር ነውና። ሦስት ጊዜ አዞርሁት። በሦስተኛው የአዘዘን ፊት አየሁ። ላብ አጥምቆታል፤ ቀጥዬ ወዴት እንደምሄድ ስለማያውቅ ዓይኑን ከአፌ አይነቅልም። በዚያ ዕድሜዬ እኔም የኔታን እንዲያ አይ ነበር፤ የኔታ ግን ይሰሙ ነበር። የእንግሊዞቹ የጥንት አባቶች መስማትንና መታዘዝን በአንድ ቃል ማሰራቸው ልክ ነው። ልጆቹ ሰምተው ታዘዙኝ። እኔ ሳልሰማ አዘዝኋቸው።

በኅዳር 28ቱ ጀልባ እመጣለሁ፤ አዘዘን ይዤው ነው የምመጣው። ወረቀቱን አቃጥለዋለሁ ቢለኝ ቀምቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ወደቡ ላይ ጮኸሽ አትጥሪኝ፤ እጅሽን አውለብልቢልኝ።

እናትሽ ደኅና ናት። ትናንት ማታ «እራት ቀርቧል» ብላ ጻፈችልኝ፤ ጎረቤት ሳይሰማ በላን። አራት ነጥቧን ሳይ በእኔ ፖስታ ውስጥ ቅዳጅ ከትታ እንደ ጻፈችልሽ ገባኝና የነጠላው ነገር ተገለጠልኝ። ይቅር ብያታለሁ፤ ንገሪያት።

አባትሽ


ደቅ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰገነት፤

እንደምን አለሽ? እኛ በሰላም ገብተናል፤ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ለእኔማ ማዕበልም ጸጥታ ነው።

የሐኪሙን ነገር አንሥተሽ አጽናንተሽኛል። እርሱ ግማሽ ሰዓት ሲናገር ቆይቶ፣ አንቺ «አይመለስም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነው የጻፍሽልኝ። የቀረው ምን ነበር? አዝኖልኝ ከሆነ በሚመጣው ደብዳቤ ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ማንበብ እወዳለሁ።

የመሪነቱን ወንበር በማዕረግ ከእኔ ቀጥሎ ላለው ለግራ ጌታው አስረክቤአለሁ። ትናንት ማኅሌት ላይ በስተ ኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ቆምሁ። ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። የድጓ ምልክት መጻፍ የሚችል እጅ ግን አለኝ፤ ብራና ከየደብሩ ልከውልኛል። ተማሪዎቹም የረሱትን ምልክት ሊጠይቁኝ በጽሑፍ ይመጣሉ። እናትሽ ፊደላቸው አያምርም ብላ ታርማቸዋለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በታኅሣሥ 1ዱ እሑድ መጨረሻ ላይ አለቃ ብዕሩን ሲሰጡኝ ለምን እንዳንገራገርሁ፣ ምንስ እንደ ጻፍሁ ጠይቀሻል። አንቺ ደጀ ሰላሙ ጥግ ስለ ነበርሽ አላየሽውም።

እኔ የተናገርሁትን ሰምተሻል። አስማማውን አልሰማሁትም፤ አዘዘንም አልሰማሁትም፤ ዓመት ከመንፈቅ ማንንም አልሰማሁም፤ የፈረምሁት ሐሰት ነው አልሁ። ጉቦ አልበላሁም፤ ፍርሃት ግን በልቶኛል አልሁ። ጮኼ ይሁን ለስልሼ ይሁን አላውቅም። ልጁን እናንተ ስሙት ብዬ ቁጭ አልሁ።

አዘዘ ተነሣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የኔታ እንደ ልማዳቸው በውስጤ ሊያነሡ ጀመሩ። ይቅርታ የኔታ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። የልጁን ዜማ በእሳቸው ዜማ መሸፈን ሌላ ሐሰት መሰለኝ። ስለዚህ ምንም ሳልሰማ ተቀመጥሁና ሽማግሌዎቹን አየሁ። አለቃ መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር፤ ጣታቸው ቆመ። አንቺ የጠቆምሽኝ፣ ጆሯቸውን የጎረጎሩት ሽማግሌ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ዝንብ ግንባራቸው ላይ ሲሄድ አላባረሩትም። ያ «በስንት በግ» ያሉት ደግሞ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዜማ ስመራ ጀርባዬ ለሰው ነበር፤ ዜማ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

አዲሱ ወረቀት ተጽፎ ቀረበ። «ሰምተን መስክረናል» ይላል፤ አለቃና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስቱም ፈረሙ። አለቃ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጉ፤ መምህሩ እርስዎ ነዎት ማለታቸው ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዳልፈርም ልጁን ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ እንድፈርም ደግሞ ከዚያ ቃል ሥር ስሜን ሁለተኛ ማኖር አልቻልሁም። በመጨረሻ ከሦስቱ ፊርማ በታች አንድ መስመር ጨመርሁ። አለቃ አነበቡት፤ ለሁለቱ አሳለፉት፤ ከዚያ ማኅተሙን አምጥተው ልክ እዚያ መስመር ላይ አሳረፉት። የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦

«እኔ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አዘዘን አልሰማሁትም። የሰሙትን ሰዎች ፊት ግን አይቻለሁ።»